ተመራማሪ ሳይሆኑ የጥናት ጽሑፍ በአደባባይ መገምገም፦ ከአመራረጥ እስከ ማውጣት

አንድ ጥናት በጆርናል ከመውጣቱ በፊት አዘጋጁ ለሁለት ወይም ለሦስት የሙያው ሰዎች ይልከዋል። እነሱም በትርፍ ሰዓታቸው፣ ያለ ክፍያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥሬ መረጃውን ሳያዩ አንብበው ሐሳባቸውን ይሰጣሉ። የአቻ ግምገማ የሚባለው ይኸው ነው። ወንፊቱ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ለማየት እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል የወጣውን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው መድኃኒት ለኮቪድ ሕሙማን ሲሰጥ ምን እንደሚሆን የመረመረውን ጥናት ማስታወስ ይበቃል። በ671 ሆስፒታሎች ከታከሙ 96,032 ሕሙማን የተሰበሰበ መረጃ አለኝ ይል ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ ሰኔ 4 ቀን፣ ከህትመት ተሰረዘ።

ጥናቱን የጣሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ረቂቅ አልነበሩም። እስከ ሚያዝያ 21 ድረስ በአውስትራሊያ 73 ሰዎች በኮቪድ ሞተዋል ይላል፤ በዚያ ቀን በመላ አገሪቱ የተመዘገበው የሟች ቁጥር ግን 67 ነበር። ከአፍሪካ ሕሙማን ሩብ ያህሉ የተሟላ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ባላቸው ሆስፒታሎች እንደታከሙም ቁጥሮቹ ያሳዩ ነበር። ይህን ለመጠርጠር የልብ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በአህጉሩ ባለ የመንግሥት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ገብቶ የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን አይቶ ቆም ይላል።

ይህ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተጻፈ ነው፤ ለነርስ፣ ለመምህር፣ ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለግብርና ልማት ሠራተኛ፣ እንግሊዝኛ አንብቦ ለሚረዳና በሠንጠረዥ ለማይደናገጥ ማንኛውም አንባቢ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማንም ደግሞ ሊያጣራው የሚችለውን ብቻ መጻፍ። ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

1. ከመጀመርዎ በፊት

የኦርኪድ ቁጥር ያውጡ፤ የጸሐፊና የገምጋሚ ቋሚ መለያ ነው። ነፃ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ 16 አሃዝ አለው፣ ከየትኛውም ተቋም ጋር ባይሠሩም ይሰጥዎታል። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲል የአባትዎን ስም ይሙሉ፤ በላቲን ፊደል አንዴ የጻፉበትን አጻጻፍም ከዚያ በኋላ አይለውጡ። ፀሐይ፣ ጽጌ፣ ጌታቸው የሚሉት ስሞች በላቲን በሦስትና በአራት መንገድ ስለሚጻፉ የአንድ ሰው ሥራ የሦስት ሰው መስሎ ይበተናል። ቁጥሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒውተር ቢኖር ይመረጣል፤ በስልክ ላይ ሰፊ ሠንጠረዥ ማንበብ ስህተት ይወልዳል። ስልክ ብቻ ካለዎት ሠንጠረዦቹ ያሉባቸውን ገጾች ያሳትሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ገጽ ናቸው። ከዚያ ኤክሴል ወይም ተራ ደብተር ላይ አምስት ዓምድ ያስምሩ፦ ገጽ፣ ሠንጠረዥና ረድፍ፣ ጽሑፉ የሚለው፣ እኔ ያገኘሁት፣ እንዴት እንዳሰላሁት። አምስተኛውን ዓምድ የዘለለ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ የራሱን ቁጥር ከየት እንዳመጣው አያውቀውም።

ለ15 ገጽ ያህል ጽሑፍ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይመድቡ፤ በአንድ ቀን ሳይሆን በሦስት ቀን ከፍለው።

2. ምን መምረጥ

ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ቅድመ ህትመት ነው። አጥኚዎቹ ራሳቸው ከአቻ ግምገማ በፊት ለሕዝብ የለቀቁት ስለሆነ አስተያየት መስጠት ነውር የለበትም፤ የተገኘውንም ስህተት ለማረም ጊዜ አላቸው። ለፊዚክስና ለሒሳብ ከ1991 ጀምሮ ያለው አርካይቭ፣ ለሥነ ሕይወት በ2013 የተከፈተው ባዮአርካይቭ፣ ለሕክምና በ2019 የተጀመረው ሜድአርካይቭ ዋናዎቹ ናቸው። በጆርናል ለወጣ ጽሑፍ ደግሞ በታተሙ ጥናቶች ላይ አስተያየት የሚሰጥበት ፐብፒር የተባለ ድረ ገጽ ከ2012 ጀምሮ አለ።

ፈጽሞ የማይነካ አንድ ነገር አለ። ጓደኛ ወይም አለቃ «ጆርናል እንድገመግመው ላከልኝ፣ እስቲ እየው» ብሎ የሰጠዎትን ያልታተመ ረቂቅ በአደባባይ አያውጡ። ያ ሰነድ በምስጢር የተላከ ነው።

የመጀመሪያ ምርጫዎ ሦስት ነገር ያሟላ። አንደኛ፣ በሥራዎ ወይም በኑሮዎ በሚያውቁት ጉዳይ ላይ የተጻፈ ይሁን። ሁለተኛ፣ ቁጥሮቹ በሠንጠረዥ የወጡ ወይም ጥሬ መረጃው የተያያዘ ይሁን። ሦስተኛ፣ የተለቀቀው በቅርብ ወራት ይሁን፤ ዓመት ካለፈው አጥኚዎቹ ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል። በመጠይቅ የተሠራና አራት አምስት ሠንጠረዥ ያለው ጥናት ጥሩ መለማመጃ ነው። የዘረመል ስሌትና የኮምፒውተር ሞዴል ለኋላ ይቆዩ።

ፒዲኤፉን፣ አባሪዎቹን በሙሉና ጥናቱ አስቀድሞ የተመዘገበበትን ገጽ ያውርዱ። ቅድመ ህትመት በየጊዜው ስለሚታደስ የሥሪት ቁጥሩንና ያወረዱበትን ቀን በደብተሩ አናት ላይ ይጻፉ። ይህን የረሳ ገምጋሚ በሁለተኛው ሥሪት የታረመውን ስህተት «አለ» እያለ ሲከራከር ይገኛል።

ጥናቱ የተሠራው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ፍለጋ ያድርጉ። ብዙዎቹ ጽሑፎች ከማስተርስ መመረቂያ የወጡ ናቸው። መመረቂያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወይም በሌላ ዩኒቨርሲቲ የድረ ገጽ ማከማቻ ከተገኘ የተሟሉ ሠንጠረዦች ይኖሩታል፤ ብዙ ጊዜ የአማርኛው ወይም የኦሮምኛው መጠይቅም በአባሪነት ይገኝበታል። ጆርናሉ የሚያወጣው የእንግሊዝኛውን ብቻ ነው። ሰዎቹ በእውነት የተጠየቁትን ቃል ማየት የሚቻለው በመመረቂያው ነው።

3. የአነባበብ ቅደም ተከተል

አጠቃሎውን፣ ማለትም በጽሑፉ አናት ላይ ያለውን አጭር መግለጫ፣ መጨረሻ ላይ ያንብቡ። አጥኚው ያገኘሁት ነው የሚለውን አስቀድሞ የሰማ ሰው ሠንጠረዡን በዚያ ዓይን ነው የሚያየው። ስለዚህ ርዕሱን አንብበው በቀጥታ ወደ አጠናኑ ዘዴ ይሂዱ፤ ስንት ሰው፣ ከየት፣ መቼ፣ እንዴት ተመረጠ፣ ስንቱ አቋረጠ። ከዚያ ሠንጠረዦቹን ያለ ማብራሪያው ይዩ። ለእያንዳንዱ ሠንጠረዥ «ይህ የሚለው እንዲህ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይጻፉ። ቀጥሎ ውጤቱንና ውይይቱን ያንብቡ፣ በመጨረሻም አጠቃሎውን። የእርስዎ ዓረፍተ ነገርና የአጥኚው መደምደሚያ የሚለያዩበት ቦታ ሁሉ ደብተር ላይ ይገባል።

4. ቁጥሮቹን ማጣራት

ከዚህ በታች ያለውን ለመሥራት ካልኩሌተር ይበቃል።

ድምሩን ይጀምሩ። የወንድና የሴት ቁጥር ተደምሮ የናሙናውን መጠን ይሰጣል ወይ? በዘዴው ክፍል 412 የነበረው ተሳታፊ በሦስተኛው ሠንጠረዥ ለምን 398 ሆነ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ያልተሟላ መጠይቅ ነው፤ ግን ጽሑፉ ያንን መናገር አለበት።

ቀጥሎ መቶኛውን ከሰው ቁጥር ጋር ያገናኙ። 38 ሰዎች ባሉበት ቡድን 41.3 በመቶ «አዎ» አሉ ከተባለ፣ 15 ሰው 39.5 በመቶ ነው፣ 16 ሰው ደግሞ 42.1። በመካከል ሰው የለም። ስለዚህ 41.3 ከ38 ሊወጣ አይችልም። እዚህ ላይ አያቁሙ፤ ከየት እንደመጣ ይፈልጉ። 19 ከ46 ሲሰላ 41.3 ይሰጣል። ምናልባት ቡድኑ ሲጀመር 46 ነበር፣ ስምንቱ አቋረጡ፣ መቶኛው ግን በፊተኛው ቁጥር ቀረ። እንዲህ ያለ መላ ምት ይዘው ሲጠይቁ አጥኚው መልስ ይሰጣል፤ «ቁጥራችሁ ስህተት ነው» ብለው ሲጮኹ ግን ዝም ይላል።

ከአማካይ ጋር ተመሳሳይ ሥራ አለ። ግሪም ይባላል፤ ኒክ ብራውንና ጄምስ ሄዘርስ በ2016 ያስተዋወቁት ነው። 25 ሰዎች ከ1 እስከ 5 ባለው ሚዛን ሙሉ ቁጥር መርጠው አማካዩ 3.47 ነው ከተባለ፣ 3.47ን በ25 ያባዙ፤ 86.75 ይመጣል። የሰዎች መልስ ድምር ግን ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት። 86 ለ25 ሲካፈል 3.44፣ 87 ሲካፈል 3.48። 3.47 የለም። ይህ ስሌት የሚሠራው መልሶቹ ሙሉ ቁጥር ሲሆኑ፣ አማካዩ እስከ ሁለት ነጥብ ሲጻፍና ሰዎቹ ከ100 ሲያንሱ ነው። ከዚያ በላይ ከሆኑ ማንኛውም ቁጥር ይቻላልና ፈተናው አይለይም። ትልቁ ወጥመድ ደግሞ ይህ ነው፦ አማካዩ የአንድ ጥያቄ ሳይሆን የአራት ጥያቄ ከሆነ አካፋዩ 25 መሆኑ ቀርቶ 100 ይሆናል፣ ያን ጊዜ 3.47 ምንም ችግር የለበትም። ሚዛኑ ስንት ጥያቄ እንዳለው ሳያረጋግጡ የወጣ የግሪም ክስ አጥኚውን ይበድላል፣ ገምጋሚውንም ያሳፍራል።

ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም መልሶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካውን ቁጥር፣ ሲያዩ ወሰኑን ያስቡ። ከ1 እስከ 5 ባለው ሚዛን ግማሹ ሰው 1፣ ግማሹ 5 ቢመርጥ እንኳ ዴቪዬሽኑ 2 አካባቢ ነው፤ አሥር ሰው ባለበት ናሙና ትልቁ 2.11 ነው። 2.6 ተጽፎ ካዩ የሆነ ቦታ ስህተት አለ። በተቃራኒው በጣም ትንሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ ስታንዳርድ ኤረር (የአማካዩ ራሱ የስህተት መጠን) በስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስም ገብቶ ነው። በ100 ሰው ናሙና ዴቪዬሽኑ 12 ከሆነ ኤረሩ 1.2 ነው፣ ምክንያቱም በ100 ዳግም ዘር፣ ማለትም በ10 ይካፈላል። ይህ መደባለቅ እጅግ የተለመደ ነው፣ የተንኮልም ምልክት አይደለም።

ፒ-ቫልዩን (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉን) ጽሑፉ ከሚሰጠው የቲ ፈተና ቁጥርና ከናሙናው መጠን ከሚወጣው የነፃነት ደረጃ መልሶ ማስላት ይቻላል፤ ኤክሴልም ነፃ የድረ ገጽ ማስሊያም ይሠራዋል። ቲ 1.80፣ ነፃነት ደረጃ 28 ተብሎ ፒ 0.04 ከተጻፈ፣ በሁለት ወገን የተሰላው ትክክለኛ ዋጋ 0.08 ገደማ ነው። አጥኚው በአንድ ወገን አስልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ካደረገ በዘዴው ክፍል መግለጽ ነበረበት። 0.05ን ልማድ ባደረገው ዓለም ይህች ልዩነት «ውጤት አለ» እና «ውጤት አልታየም» የሚለውን ትለያለች።

ቁጥር እንዲህ ለብቻው ሲመረመር ምን ያህል ርቀት እንደሚያስኬድ ራሱ ብራውን ማስረጃ ነው። ረጅም ዘመን በኮምፒውተር ሙያ ሠርቶ ወደ ሥነ ልቦና ትምህርት የገባ ሰው ነበር። ለደስተኛ ኑሮ የበጎና የክፉ ስሜት ምጣኔ ልክ 2.9013 ነው የሚል በ2005 የወጣና ብዙዎች የጠቀሱት ጥናት አልዋጥለት አለ። ከአለን ሶካልና ከሃሪስ ፍሪድማን ጋር ሆኖ በ2013 ያወጣው ሂስ የሒሳቡ መሠረት እንደሌለ አሳየ። የብቻውን ጥርጣሬ ይዞ ሒሳብ ወደሚያውቅ ሰው መሄዱ ለጀማሪ የሚጠቅም ምሳሌ ነው።

5. ቀን፣ ሰዓት፣ ጾም፣ ቃል

ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ የላቀው ማጣሪያ ይህ ነው፤ ለንደን ወይም ቦስተን ያለ ገምጋሚ የማያየውን እርስዎ ያያሉና።

የዘመን አቆጣጠሩን ይፈትሹ። በ2020 የወጣ ጽሑፍ መረጃው «ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ 2012» ተሰበሰበ ካለ፣ የስምንት ዓመት አሮጌ መረጃ ነው ወይስ ሳይለወጥ የቀረ የኢትዮጵያ ዓመት? ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ነው። ዕድሜ ላይ ሲደርስ ጉዳቱ ይከፋል። በ1985 ዓ.ም. የተወለደች ሴት በ2021 እ.ኤ.አ. ስትጠየቅ፣ ያልተለወጠው ስሌት 36 ያደርጋታል፤ እውነተኛ ዕድሜዋ ግን 28 ገደማ ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ፋይሎች ቀናቸው በራሳችን አቆጣጠር ስለሆነ ተጠቃሚው ወደ አውሮፓ ለመለወጥ በወር ቁጥሩ ላይ 92 ወር መደመር አለበት። በዚህ ፋይል የተሠራ ጽሑፍ ቀኖቹን ከሌላ አገር ወይም ከዝናብ መዝገብ ጋር ካዛመደ፣ ስለ 92ቱ ወር አንዳች ተጽፏል ወይ ብለው ይፈልጉ። ካልተጻፈ ጥያቄዎ ዝግጁ ነው።

ሰዓትም እንዲሁ። ስለ እንቅልፍ በተሠራ ጥናት ተሳታፊዎች «በ4 ሰዓት» ይተኛሉ ከተባለና ሠንጠረዡ ከቀትር በኋላ 4 ካለው፣ ማታ 4 ሰዓት ነው የተባለው፤ በአውሮፓ 10 ሰዓት ማታ። መድኃኒት የሚወሰድበት፣ ደም የሚቀዳበት፣ ላም የሚታለብበት ሰዓት ሁሉ በስድስት ሰዓት ሊዛባ ይችላል።

ስለ አመጋገብ የሚያጠና ከሆነ የተሰበሰበበትን ቀን ከጾም ጋር ያስተያዩ። «ትናንት ምን በሉ?» የሚለው የ24 ሰዓት መጠይቅ ሐሙስ ከተጠየቀ የሚለካው ረቡዕን ነው፤ ቅዳሜ ከተጠየቀ ዓርብን። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት በክርስቲያን አካባቢ የተሰበሰበ መረጃ «የወተት ተዋጽኦ አይመገቡም» ብሎ ቢደመድም ድህነትን ሳይሆን ሁዳዴን ለክቷል። በረመዳን ደግሞ የምግቡ ሰዓት ይገለበጣል። የተሰበሰበበት ወር እንጂ ቀኑ ካልተገለጸ ቀኑን መጠየቅ በቂ አስተያየት ነው።

የመጠይቁን ቃል ያወዳድሩ። እንግሊዝኛው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ብሎ የሚለካቸውን ስጋትና የኑሮ ጫና አማርኛው ሁለቱንም «ጭንቀት» ካላቸው፣ ሁለቱ ሚዛኖች መዛመዳቸው ግኝት አይደለም፤ ተጠያቂው አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ነው የመለሰው። «አልፎ አልፎ» እና «አንዳንድ ጊዜ» እንደ ሁለት ደረጃ ተቀምጠው ከሆነም የትኛው እንደሚበልጥ እናትዎን ይጠይቁ፤ ካመነታች ተጠያቂውም አመንትቷል።

መለኪያውንም አይርሱ። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፣ ጥማድ ግን ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ ሩብ ሄክታር ገደማ ብሎ መውሰድ የተለመደ ነው። የጤፍ አገራዊ አማካይ ምርት ለብዙ ዓመታት በሄክታር ከ20 ኩንታል በታች ስለቆየ፣ በገበሬ ማሳ 50 ኩንታል ተገኘ የሚል ሠንጠረዥ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥማዱ ወደ ሄክታር እንዴት እንደተለወጠ ነው።

6. ከውጭ መዝገብ ጋር ማስተያየት

የሕክምና ሙከራ ሲሆን መዝገቡን ይክፈቱ። ለአህጉራችን የፓን አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ አለ። ዋናው የሚለካው ውጤት ምን ተብሎ ተመዘገበ፣ ጽሑፉስ ዋና ያደረገው የትኛውን ነው? መቼ ተጀመረ? አይቨርመክቲን የተባለው መድኃኒት ለኮቪድ ስለመጥቀሙ በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. የተለቀቀ አንድ የግብፅ ቅድመ ህትመት ሰኔ 8 ጀመርኩ ይል ነበር። ለንደን የሚማር የማስተርስ ተማሪ ጥሬ መረጃውን ከፍቶ ሲያይ፣ ከሟቾቹ በርካታዎቹ የሞቱት ከዚያ ቀን በፊት ሆኖ አገኘው። ጽሑፉ በሐምሌ 2021 ተነሣ። ተማሪው ያደረገው ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።

ምስሎችን በተመለከተ፣ አንዱ የሴል ወይም የጄል ፎቶ በሌላ ስም፣ ተገልብጦ ወይም ተቆርጦ መደገሙን በዓይን ማየት ይቻላል። በጥናት ምስሎች ምርመራ የታወቀችው ኤሊዛቤት ቢክ ብዙ ሺህ ጽሑፍ የመረመረችው በአብዛኛው በዓይኗ ነው። ግን ሥራው ልምድ ይጠይቃል፤ የፒዲኤፍ መጨመቅ ብቻውን የሐሰት ምልክት ይፈጥራል። ጀማሪ ከሆኑ ይለፉት።

7. መለየትና መጻፍ

ከሁለት ቀን በኋላ ደብተሩን ይክፈቱና ያገኙትን ሦስት ቦታ ይክፈሉ። የመጀመሪያው የተረጋገጠ አለመጣጣም ነው፤ ማንም ደግሞ ቢያሰላው የሚደርስበት። ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ መልስ ሊኖረው የሚችል ግን ጽሑፉ ውስጥ የሌለ። ሦስተኛው የእርስዎ አስተያየት ነው። ሦስተኛውን ክምር በግማሽ ይቀንሱ፤ የቀረውንም አንድ ጊዜ ደግመው ያስቡበት።

ግምገማውን ጥናቱ በተጻፈበት ቋንቋ ይጻፉ። ከአንድ ገጽ ተኩል አይብለጥ። ስለ ጥናቱ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጀምሩ፤ አጥኚው «አዎ፣ ይህን ነው ያልኩት» እንዲል አድርገው። ጥሩ የሆነውን በስም ይጥቀሱ፤ ለምሳሌ ጥሬ መረጃው መያያዙን። ከዚያ ነጥቦቹ በቁጥር ይከተላሉ፣ እያንዳንዱ ገጽና ሠንጠረዥ ይዞ። ቃሉ እንዲህ ያለ ይሁን፦

«በሁለተኛው ሥሪት፣ ሠንጠረዥ 3፣ አራተኛ ረድፍ፣ ከ38 ተሳታፊዎች 41.3 በመቶ ይላል። ከ38 ሊገኙ የሚችሉት ቅርብ ዋጋዎች 39.5 እና 42.1 ናቸው። 19 ከ46 ሲካፈል 41.3 ስለሚሰጥ አካፋዩ ከማቋረጥ በፊት የነበረው ቁጥር ይሆን? እባክዎ በየረድፉ አካፋዩን ቢጨምሩ።»

በመጨረሻ ማን እንደሆኑ በሁለት መስመር ይናገሩ፦ ሙያዎ፣ ያላጣሩት ክፍል፣ የጥቅም ግጭት ካለ እሱም። «ስታቲስቲክሱን በዝርዝር መመርመር አልችልም፤ የተመለከትኩት ሠንጠረዥ 1 እስከ 4 እና የአማርኛውን መጠይቅ ነው» ብሎ መጻፍ ግምገማውን ያጠነክረዋል። አጥኚዎቹ የሥራ ባልደረባዎ፣ ዘመድዎ ወይም የተጣሉት አለቃዎ ከሆኑ ሌላ ጽሑፍ ይምረጡ።

«ማጭበርበር»፣ «ፈጠራ»፣ «ውሸት» የሚሉ ቃላት አይግቡ። ሠንጠረዡ የማይደመር መሆኑን ያውቃሉ፤ የሰውየውን ልብ ግን አያውቁም። ፐብፒርም የሚቀበለው ማንም ከአደባባይ ምንጭ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ብቻ ነው፤ የግል ክስን ያነሣል።

የመጀመሪያዎን ከመላክዎ በፊት በባለሙያ የተጻፉ ሦስት ግምገማዎችን ያንብቡ። ኢላይፍና ኤፍ 1000 ሪሰርች የተባሉት የጥናት ማሳተሚያዎች ግምገማዎቹን ከጽሑፉ ጋር ለሕዝብ ያወጣሉ፤ ቃናው የሚለመደው ከዚያ ነው።

8. የት ይወጣል

ለቅድመ ህትመት ፕሪሪቪው የተባለው የግምገማ ድረ ገጽ ይመረጣል። በኦርኪድ ይገባሉ፣ በስምዎ ወይም በብዕር ስም ማውጣት ይችላሉ፣ ግምገማውም የራሱን ዲኦአይ፣ ማለትም ቋሚ የሰነድ መለያ ቁጥር፣ ያገኛል፤ ያ ቁጥር ሌላ ሰው እንዲጠቅሰው ያስችላል። በባዮአርካይቭና በሜድአርካይቭ ከጽሑፉ ሥር አጭር አስተያየት መተው ይቻላል፣ ከመታየቱ በፊት ይጣራል። አርካይቭ የአስተያየት ቦታ የለውም። በጆርናል ለወጣው ፐብፒር ነው፤ እዚያ ስም ሳይሰጡ መጻፍ ይፈቀዳል። በአንድ መሥሪያ ቤት ከአጥኚው በታች ለሚሠራ ሰው የብዕር ስም ፈሪነት አይደለም፤ መብቱ ነው።

ጥያቄዎ መረጃ የሚጠይቅ ከሆነ ከማውጣትዎ በፊት ጽሑፉ ላይ ባለው የአጥኚው ኢሜይል ይጻፉና 14 ቀን ይጠብቁ። የሒሳብ አለመጣጣም ብቻ ከሆነ መጠበቅ ግዴታ አይደለም።

9. በቡድን ሲሠራ

አምስት ሰው ይበቃል፤ ከስምንት ሲያልፍ ማንም ሠንጠረዥ አይነካም። አንድ ጽሑፍ፣ ሦስት ሳምንት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ለየብቻ ያነብባል፣ ማንም በቴሌግራም ቡድኑ ላይ ሐሳቡን አይጽፍም፤ ቀድሞ የተናገረ የሌሎቹን ዓይን ይመራል። በሁለተኛው ሳምንት እያንዳንዱን ስሌት ሁለት ሰው ሳይተያይ ይደግማል። መልሳቸው ካልገጠመ ነጥቡ ይወድቃል ወይም ሦስተኛ ሰው ያየዋል። በሦስተኛው አንድ ጸሐፊ ይጽፋል፣ ሁሉም አንብቦ ስሙን ይሰጣል ወይም ይወጣል። ከተቻለ አንዱ አባል ስታቲስቲክስ የተማረ ይሁን። በ2009 የሒሳብ ሊቁ ቲም ጋወርስ በበይነ መረብ ለማንም ክፍት አድርጎ በጀመረው የፖሊማዝ የሒሳብ ሥራ ውስጥ ከታወቁ የሒሳብ ሊቃውንት ጎን የሁለተኛ ደረጃ መምህርም ተሳትፏል፤ አሠራሩ የጸናው እያንዳንዱ ሰው አንዲት ትንሽ፣ የምትጣራ ሐሳብ እንዲያቀርብ ስለተጠየቀ ነው።

10. ብዙ ጊዜ የሚበላሸው

ገምጋሚው የራሱን ንድፈ ሐሳብ ይዞ ይመጣና ግምገማው ስለ ሌላ ሰው ጥናት መሆኑ ቀርቶ የእሱ ስብከት ይሆናል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ገጽና ሠንጠረዥ የማይጠቅስ አንቀጽ ከሁለት በላይ ካለ ይህ እየሆነ ነው።

ሌላው፣ ጽሑፉን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጥቶ የወጣውን መለጠፍ ነው። የሚወጣው ለማንኛውም ጥናት የሚስማማ «ናሙናው ትንሽ ነው» ዓይነት ቃል ነው፤ አንዳንዴም ጽሑፉ ውስጥ የሌለ ቁጥር ይጠቅሳል። አጥኚዎች ይህን ወዲያው ይለዩታል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ አማተርም አያነብቡም። ለትርጉም ወይም ለሰዋስው ከተጠቀሙበት ይግለጹ፤ ስሌቱን ግን በእጅዎ ይሥሩ።

ሦስተኛው አደጋ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ከሁሉ ይከብዳል። በመድኃኒት ጥናት ላይ ስህተት ማግኘት መድኃኒቱ አይሠራም ማለት አይደለም። ግኝትዎን በፌስቡክ «መድኃኒቱ ከንቱ ነው» ብለው ቢያወጡት መድኃኒቱን የሚያቋርጥ በሽተኛ ይኖራል። ግምገማው በግምገማ ቦታው ይቆይ።

11. ከወጣ በኋላ

መልስ ከመጣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ምስጋናዎን ይጻፉ፤ የአጥኚው ማብራሪያ ነጥብዎን ከጣለው፣ ግምገማውን ሳይሰርዙ «ነጥብ 2 ስህተቴ ነበር፤ ሚዛኑ አራት ጥያቄ እንዳለው አላየሁም» የሚል እርማት ከሥሩ ያክሉ። ክርክሩ ከሁለት ዙር ካለፈ ይተዉት፤ ቁጥሮቹ እዚያው አሉ፣ አንባቢ ያሰላል።

መልስ ካልመጣ በየወሩ አንድ ጊዜ የጽሑፉን ገጽ ይክፈቱ። አዲስ ሥሪት ወጥቶ ከሆነ አሮጌውንና አዲሱን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አድርገው የእያንዳንዱን ነጥብ ዕጣ ይመዝግቡ፦ ታርሟል፣ ተብራርቷል፣ እንዳለ ነው። የታረመውን በአደባባይ «ታርሟል» ብለው ይጻፉ፣ የሥሪቱን ቁጥርና ቀኑን ጨምረው።